«ስራ በዛብኝ» በእንግሊዝኛ፦ ኦቨርበርደን የሚለውን ቃል ሳታበላሹ የመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ከማስተማሩ ይልቅ የሰው ኢሜይል ሳርም ነው የሚመሸው፣ «እስቲ ሳልልከው እየው» ይላሉ እኔም አያለሁ። እና ይሄ ኦቨርበርደን የሚባል ቃል ከመጣ ሁሌ አንድ ነገሩ ተሰብሮ ነው የሚመጣው። አሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሰራ ተማሪ ነበረችኝ፣ ሁለት ሰራተኛ ቀርቶባት ሌሊቱን ብቻዋን ስትሮጥ አድራ ጠዋት ለሱፐርቫይዘሯ «አይ ኦቨርበርደን ዩ» ብላ ቴክስት ላከች። ማለት የፈለገችው «ስራ አበዛሽብኝ» ነው። ሴትየዋ ምን ብትመልስላት ጥሩ ነው? «ኖት አት ኦል!» ማለትም «ኧረ ምንም አላስቸገርሽኝም»! በቀጣዩ ሳምንት ያው ሺፍት፣ ያው ብቸኝነት።

ትርጉሙን ማንም ያውቀዋል፣ ከአቅም በላይ መጫን ማለት ነው በቃ። የሚጥለን አማርኛችን ነው። እኛ «ስራው በዛብኝ» ስንል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ስራው ነው፣ ሰውየው «ብኝ» ውስጥ ተሸጉጧል። እንግሊዝኛው ደሞ ሰውየውን አውጥቶ ፊት ለፊት ያቆመዋል። ይቺን አንዴ ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራ ሂዱባቸው፣ 1ን ዘላችሁ 3 ላይ ከጀመራችሁ ያው ኢሜይል ነው የሚወጣው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሶስት ነገር አዘጋጁ።

አንደኛ፣ ፊደሉን። ኦ፣ ቪ፣ ኢ፣ አር፣ ቢ፣ ዩ፣ አር፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤን። አስር ፊደል፣ አንድ ቃል። ኦቨርን ለብቻ በርደንን ለብቻ አትጻፉ፣ መሃሉ ላይ ሰረዝም አታስገቡ። መጨረሻው «ኢ ኤን» ነው፣ «ኦ ኤን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ አያለሁ።

ሁለተኛ፣ አፋችሁን። ግስ ሲሆን ድምፁ የሚጠነክረው «በር» የሚለው ላይ ነው፣ ኦቨር-በር-ደን። ሁሉንም እኩል እየረገጣችሁ አትሂዱ። ሶስቴ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ከዛ መጨረሻው ላይ «ድ» ጨምራችሁ ሶስቴ፣ ኦቨርበርደንድ። ያቺ «ድ» ደረጃ 3 ላይ ህይወታችሁን ስለምታተርፍ አትናቋት።

ሶስተኛ፣ ሃሳባችሁን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። «በእንግሊዝኛ አስብ» የሚባለውን ምክር ለዚህ ቃል እርሱት፣ አማርኛው ወረቀት ላይ ካልታየ የት እንደምትገለብጡት አታውቁም።

ደረጃ 1፦ አራቱን ለዩ

የጻፋችሁትን አማርኛ አይታችሁ አራት መስመር ሙሉ፦

1. ተሸካሚው ማነው?
2. ሸክሙ ምንድነው?
3. ጫኙ ማነው?
4. ልኩ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ?

ምሳሌ፣ «ማናጀሩ ፕሮጀክት ጨምሮ ጨምሮ ሪፖርቱ በዛብን»። ተሸካሚ እኛ። ሸክም ሪፖርት። ጫኝ ማናጀሩ። ልክ፣ ድሮ በሳምንት 1 ሪፖርት ነበር አሁን 4 ሆኗል።

ተሸካሚውን ፈልጋችሁ ካጣችሁ የግሱን ጭራ ተመልከቱ። በዛብኝ፣ ተቆለለብን፣ ተጫነባት፣ ከበደኝ፣ ሁሌም እዛ ነው የሚደበቀው። ጭራው ላይ ሰው ከሌለ፣ ለምሳሌ «ስራ በዝቷል» ብቻ ካላችሁ፣ «በማን ላይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁና ጨምሩት።

*አራተኛው መስመር ባዶ ከሆነስ?* እንግዲያው ኦቨር የሚለውን ልታወጡት ነው። በርደን እና ኦቨርበርደን አንድ አይደሉም። አንድ ወዛደር አንድ ኩንታል ተሸክሞ ሲሄድ ይከብደዋል፣ ላብ በላብ ይሆናል፣ ግን ይደርሳል፣ ይሄ በርደን ነው። እዛ ላይ ሌላ ኩንታል ስትደርቡበት ወገቡ ካልቻለ ያ ኦቨርበርደን ነው። ልኩ ካልታለፈ፣ ወይም ማለፉን ማሳየት ካልቻላችሁ፣ ቃሉ የማጋነን ይመስልባችኋል፣ ፈረንጅ ደሞ ቀዝቀዝ ብሎ «ምን ያህል ነው የበዛብህ?» ብሎ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ቁጥር ከሌለ «አይ አም ቢዚ» በሉና ቁጭ በሉ።

ደረጃ 2፦ ገልብጡት

አሁን ተሸካሚውን ከግሱ ጭራ ነቅላችሁ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡት።

«ሪፖርቱ በዛብን» የሚለው «እኛ በሪፖርት ከአቅም በላይ ተጫንን» ይሆናል። አዎ፣ አማርኛው ያስጠላል፣ እንደዚህ የሚያወራ ሰው የለም፣ ግን ለድልድይነት ነው የምንፈልገው። ከዛ በኋላ ቀጥታ መቀየር ነው፦ «ዊ አር ኦቨርበርደንድ ዊዝ ሪፖርትስ»።

ሳይገለብጡ የሚጽፉ ሰዎች የሚያመጡት ይሄንን ነው፦ «ዘ ሪፖርት ኢዝ ኦቨርበርደንድ»። ትርጉሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሪፖርቱ ራሱ ደክሞታል፣ ሪፖርቱ ላይ ሌላ ነገር ተጭኖበታል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው፣ አህያዋ እያለች ስለ ዳውላው መድከም እያወራን ነው። ይሄ ስህተት ጠንከር ያለ እንግሊዝኛ ያላቸው ሰዎችም ጋ አለ፣ የፕሮፖዛል ጽሁፍ ውስጥ ሁላ አግኝቼዋለሁ።

*የግድ ስራውን ባለቤት ማድረግ ከፈለጋችሁ* ሶስት በር አለ፦

- «ዘ ሪፖርትስ ኦቨርበርደን አስ» ማለትም ሪፖርቶቹ ከአቅም በላይ ይጫኑናል። ከኋላ «አስ» አለ፣ ተሸካሚው አልጠፋም።
- «ዘ ሪፖርትስ አር በርደንሰም»። ለሸክሙ ቅጽል ስትፈልጉ በርደንሰም ነው ቃሉ፣ ኦቨርበርደንድ ለተሸካሚው ነው።
- «ዘ ወርክሎድ ኢዝ ቱ ሄቪ»። ተራ ግን የማይሳሳት። ስትጠራጠሩ ይቺን ውሰዱ።

ደረጃ 3፦ ጭራውን አስተካክሉ

እዚህ ጋ ነው ተማሪዬ የወደቀችው። ኦቨርበርደን ያለ ምንም ጭራ ከተጻፈ የመጫን ስራ ነው፣ የሚጭነው ደሞ ከፊቱ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ፦

- «አይ ኦቨርበርደን ዩ»፦ እኔ አንተን ከአቅምህ በላይ እጭንሃለሁ።
- «አይ አም ኦቨርበርደኒንግ»፦ እየጫንኩ ነው። ማንን? አልተባለም፣ ስለዚህ ጎዶሎ ነው።
- «አይ አም ኦቨርበርደን»፦ ምንም አይደለም። ሰዋሰውም የለው። በብዛት የሚላከው ግን ይሄ ነው።
- «አይ አም ኦቨርበርደንድ»፦ ከአቅሜ በላይ ተጭኖብኛል። ይሄ ነው የምትፈልጉት።
- «አይ ሃቭ ቢን ኦቨርበርደንድ ሲንስ ሴፕቴምበር»፦ ከሴፕቴምበር ጀምሮ እስከ ዛሬ እንደተጫነብኝ ነው።

ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ ዲ» በንግግር ጊዜ ስለማትሰማ ሰው ሲጽፍም ይረሳታል። ከመላካችሁ በፊት ጣታችሁን ቃሉ መጨረሻ ላይ አድርጉና ቁጠሩ፣ አስር ፊደል ከሆነ ጫኝ ናችሁ፣ አስራ ሁለት ከሆነ ተጭኖባችኋል። (እንደዚህ ፊደል እየቆጠረ አሁንም የሚጽፍ የሂሳብ ባለሙያ ጓደኛ አለኝ፣ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።)

አንድ ሶስተኛ መንገድም አለ፣ ራሳችሁ ናችሁ እሺ እሺ እያላችሁ የቆለላችሁት ከሆነ፣ «አይ ኦቨርበርደንድ ማይሰልፍ» በሉ፣ ራሴን ከአቅሜ በላይ ጫንኩ። ለአለቃም ለጓደኛም ይህን ማለት ብዙ ነገር ያለሰልሳል።

*ማስጠንቀቂያ፦* «ዩ ኦቨርበርደን ሚ» ሰዋሰዉ ልክ ነው፣ ለአለቃ ግን አትላኩት። ጣት መቀሰር ነው። «ዘ ቲም ኢዝ ኦቨርበርደንድ» ስትሉ ጫኙ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይጠፋል፣ ማን እንደጫነ ግን ሁሉም ያውቃል። አማርኛም ላይ «ጫንክብን» እና «ተጫነብን» መሃል ያለው ልዩነት ነው።

ደረጃ 4፦ ዊዝ፣ ባይ፣ ኦን

አጭር ነው። ሸክሙ ከ«ዊዝ» በኋላ ይመጣል፦ ኦቨርበርደንድ ዊዝ ደብት፣ ኦቨርበርደንድ ዊዝ ፔፐርወርክ። ጫኙን ወይም ምክንያቱን ስትጠሩ «ባይ» ነው፦ ኦቨርበርደንድ ባይ ሃይ ታክስስ። ሁለቱ አንዳንዴ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ብዙ አትጨነቁበት።

«ኦን» ግን ወጥመድ ናት። «በላዬ ላይ» የሚለው አማርኛ እየጎተታችሁ «ኦቨርበርደንድ ኦን ሚ» ያስብላችኋል፣ እንደዛ የሚባል ነገር የለም። ኦን የምትመጣው በርደን ስም ሆኖ ሲቆም ነው፦ «አይ ዶንት ዋንት ቱ ቢ ኤ በርደን ኦን ማይ ፋሚሊ»፣ ለቤተሰቤ ሸክም መሆን አልፈልግም። እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ኦቨር አታስገቡ፣ ቤተሰብ ላይ ሸክም መሆን በቂ ነው።

ደረጃ 5፦ ቃሉ ራሱ ትክክለኛው ነው ወይ?

እስከዚህ ድረስ ደህና ከመጣችሁ ሰዋሰዉ ገብቷችኋል። አሁን የሚከብደው ክፍል ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ ላይ «በዛ» የምንለውን ሁሉ እንግሊዝኛ በየዓይነቱ ከፋፍሎታል፣ ኦቨር የሚል ቅጥያ ያለው ሁሉ ደሞ ወንድማማች ይመስላል። የአማርኛችሁን ዓረፍተ ነገር ከዚህ ጋር አመሳክሩት።

*መኪና፣ ማሽን፣ የመብራት መስመር ከሆነ* ኦቨርሎድ በሉ። ሚኒባሱ ትርፍ ጭኗል፣ አይሱዙው ከልኩ በላይ ጭኖ ሚዛን ላይ ተያዘ፣ ምድጃና ምጣድ አንድ ላይ ተሰክቶ ቆጣሪው ጠፋ፣ ይሄ ሁሉ ኦቨርሎድ ነው። «ዘ ታክሲ ኢዝ ኦቨርበርደንድ» ብትሉ ሰው ይረዳችኋል፣ ግን ታክሲዋን እንደ ሰው ያዘናችሁላት ይመስላል። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች ደሞ ኦቨርሎድ ሲሉ ከመደበኛው በላይ ለሚያስተምሩት ኮርስ የሚከፈላቸውን ክፍያ ነው፣ እዛ ጋ ቃሉ ቅሬታም አይደል፣ እንደውም ወር ሲደርስ የሚጠበቅ ነገር ነው።

*ስሜት ከሆነ* ኦቨርዌልም ነው። ግራ ተጋባሁ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ፣ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ፣ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ኦቨርበርደንድ ስለ ጭነቱ ነው የሚያወራው፣ ኦቨርዌልምድ ጭነቱ ውስጥህ ስላደረገው ነገር። አንድ ሰው ኦቨርበርደንድ ሆኖ ኦቨርዌልምድ ላይሆን ይችላል፣ የኛ እናቶች ምስክር ናቸው። ሌላ ትልቅ ልዩነት፣ ኦቨርዌልምድ ለደስታም ይሆናል፣ «ኦቨርዌልምድ ዊዝ ጆይ» ይባላል፣ ሰርግ ላይ ኦቨርበርደንድ ዊዝ ጆይ ካላችሁ ግን ሙሽራዋ ትደነግጣለች። ኦቨርበርደን ጥሩ ጎን የለውም፣ በጭራሽ።

*ሰዓቱ ከሆነ የበዛው* ኦቨርወርክድ በቂ ነው። በቀን 14 ሰዓት የምትሰራ የቤት ሰራተኛ ኦቨርወርክድ ናት። ሰዓቱ ላይ የልጅ ማሳደግ፣ ወደ ሀገር ቤት የሚላክ ብርና የወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨመር ኦቨርበርደንድ ትሆናለች። ኦቨርበርደን ሃላፊነትን፣ እዳን፣ ግብርን፣ ሃሳብን አንድ ላይ ይጠቀልላል፣ ኦቨርወርክ ስራን ብቻ።

*ድካሙ ከርሞ ከርሞ ነገር ማስጠላት ከጀመረ* በርንአውት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2019 ላይ በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ከስራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስገብቶታል፣ በሽታ ነው ግን አላለም። ስለዚህ ለአለቃችሁ «አይ ሃቭ በርንአውት» ስትሉ የህክምና ወረቀት እንዳመጣችሁ አታስቡ።

*ቦታ ከተጨናነቀ* ኦቨርክራውድድ። *ዋጋ ከቆለሉባችሁ* ኦቨርቻርጅድ። እነዚህን አትደባልቁ፣ «ዘ ሾፕ ኦቨርበርደንድ ሚ» ብሎ የጻፈ ሰው አይቻለሁ፣ ባለሱቁ ኩንታል ያሸከመው ነው የሚመስለው።

*«ይቅርታ አስቸገርኩህ» ለማለት ከሆነ* ጨርሶ ከዚህ ቤት ውጡ። «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ» ነው የሚባለው። ትንሽ ከበድ ያለ ውለታ ስትጠይቁ «አይ ዶንት ዋንት ቱ በርደን ዩ» ይሆናል፣ ያለ ኦቨር። እኛ በይሉኝታ አብዝተን ስለምንናገር ኦቨሩን እንጨምራለን፣ አንድ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ለመለመን ያን ያህል አያስፈልግም።

እና ለጓደኛ በቴክስት ስትጽፉ ኦቨርበርደንድ ትንሽ ኮስተር ያለ ነው፣ ክራቫት ያሰረ ቃል ነው። «አይ ሃቭ ቱ መች ኦን ማይ ፕሌት» ወይም «አይ አም ስዋምፕድ» ይላሉ እነሱ። ኦቨርበርደንድን ለኢሜይል፣ ለሪፖርት፣ ለድርሰት ፈተና አስቀምጡት።

ደረጃ 6፦ ማጋነኛውን አውጡ

ኦቨር ራሱ «ከልክ በላይ» ነው። «ቱ ኦቨርበርደንድ» ማለት «ከልክ በላይ ከልክ በላይ ተጭኖብኛል» እንደማለት ነው። ቱን አውጡ፣ ቬሪንም አውጡ። ማጠንከር ካለባችሁ «ሄቪሊ» ወይም «ሲቪርሊ» አስቀድሙ። በጣም የሚስማማው ግን «ኦልሬዲ» ነው፣ «አን ኦልሬዲ ኦቨርበርደንድ ስታፍ»፣ ድሮም የተጫነበት ሰራተኛ። አዲስ ስራ ሊጨመርባችሁ ሲል ይቺ «ኦልሬዲ» ብቻዋን ብዙ ትከራከራለች።

ደረጃ 7፦ ኢሜይሉን ጻፉ

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፦ ቁጥር፣ ቃሉ፣ ጥያቄ።

1. መጀመሪያ ቁጥሩን አስቀምጡ፣ ከደረጃ 1 አራተኛ መስመር ላይ። «ዊ አር ናው ራይቲንግ ፎር ሪፖርትስ ኤ ዊክ ኢንስቴድ ኦፍ ዋን።» በሳምንት በአንድ ፋንታ አራት ሪፖርት እየጻፍን ነው።
2. ከዛ ቃሉን አንዴ ብቻ ተጠቀሙ። «ዊዝ ዘ ኒው ፕሮጀክት፣ ዘ ቲም ዊል ቢ ኦቨርበርደንድ።» አዲሱ ፕሮጀክት ሲጨመር ቡድኑ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። «ዊል ቢ» መሆኑን ልብ በሉ፣ ገና ሳይጫን ነው የምታስጠነቅቁት፣ ከተጫነ በኋላ ካላችሁት ሰው ቅሬታ ነው የሚለው።
3. መጨረሻ ላይ የሚቻል ነገር ጠይቁ። «ኩድ ዊ ሙቭ ቱ ኦፍ ዘም ቱ ኔክስት መንዝ?» ሁለቱን ወደሚቀጥለው ወር ማዛወር እንችላለን?
4. ላኩት። ሰላምታና ይቅርታ ለመጨመር ተመልሳችሁ አትግቡ፣ እኛ ሰላምታ ውስጥ ጉዳያችንን እንቀብረዋለን።

ጥያቄውን የማትጽፉ ከሆነ ኢሜይሉን አትላኩት። «ኦቨርበርደንድ ነን» ብሎ ዝም ያለ ሰው አለቃው የሚመልስለት «ታንክ ዩ ፎር ዩር ሃርድ ወርክ» ብሎ ነው፣ በቃ እዛ ላይ ያልቃል።

ደረጃ 8፦ ቃሉ የሙያ ቃል መሆኑን አጣሩ

የምታነቡት ወይም የምትተረጉሙት ነገር የሙያ ጽሁፍ ከሆነ እዚህ ጋ ቁሙ። እስካሁን ያልኳችሁ አንዳንዱ አይሰራም።

*ማዕድን።* ኦቨርበርደን እዚህ ስም ነው፣ ድምፁም የሚጠነክረው «ኦ» ላይ ነው። ከማዕድኑ በላይ ተኝቶ ያለውን አፈርና ድንጋይ ማለት ነው፣ ክፍት ጉድጓድ ቆፍሮ ወርቅ የሚያወጣ፣ ለምሳሌ ጉጂ ዞን ያለው ለገ ደምቢ አይነት ቦታ፣ መጀመሪያ ይሄንን መግፈፍ አለበት። 4 ቶን ገፎ 1 ቶን ማዕድን ያለው ድንጋይ የሚያገኝ ከሆነ ምጣኔው 4 ለ 1 ነው፣ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ወጪው ያድጋል። «ኦቨርበርደን ሪሙቫል» የሚለውን «የሰራተኛ ጫና መቀነስ» ተብሎ የተተረጎመ ሰነድ በእጄ ገብቶ ያውቃል፣ ገፊው ዶዘር ነበር።

*ግንባታ።* የአፈር ጥናት የተማረ ሁሉ ኦቨርበርደን ፕሬሸርን ያውቀዋል፣ አንድ ጥልቀት ላይ ከላዩ ያለው አፈር በክብደቱ የሚፈጥረው ግፊት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 18 ኪሎ ኒውተን ቢመዝን 5 ሜትር ጥልቀት ላይ 18 በ5 ሲባዛ 90 ኪሎ ፓስካል። «ከመጠን ያለፈ ግፊት» ብላችሁ አትተርጉሙ፣ ምንም ያለፈ ነገር የለም፣ ያለ የነበረ አፈር ነው።

*ካይዘን።* ስራን ቀስ በቀስ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት 2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከተቋቋመ ወዲህ ፋብሪካ ውስጥ የሰራ ሰው ሙዳ፣ ሙራ፣ ሙሪ ሲባል ሰምቷል። ሙሪ በእንግሊዝኛው ኦቨርበርደን ነው። 3 ቶን የምትችል መኪና አለች፣ የሚጓጓዘው 6 ቶን ነው እንበል። ሁሉን በአንዴ ብትጭኑባት ሙሪ። 2 ቶን 2 ቶን እያላችሁ ሶስቴ ብታመላልሷት ብክነት፣ ማለትም ሙዳ። አንዴ 4 አንዴ 2 ብትጭኑ ያልተስተካከለ፣ ሙራ፣ በዛ ላይ 4ቱ ራሱ ሙሪ ነው። 3 እና 3 አድርጉት። እዚህ ዘርፍ ላይ ቃሉ ለሰውም ለማሽንም ይሆናል፣ ደረጃ 5 ላይ ለመኪና ኦቨርሎድ ያልኩትን ለካይዘን ስልጠና አታምጡብኝ።

*የቤት ኪራይ፣ አሜሪካ።* ፎርም ላይ «ኮስት በርደንድ» የሚል ካያችሁ ስሜት እየተጠየቃችሁ አይደለም። ቤተሰቡ ከጠቅላላ ገቢው ከ30 በመቶ በላይ ለቤት የሚያወጣ ከሆነ ነው፣ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን ደሞ «ሲቪርሊ» ይጨመርበታል። ታክስ ሳይቆረጥ በወር 4,000 ዶላር ገብቶላችሁ 1,500 ለቤት ከከፈላችሁ 37.5 በመቶ ነው፣ ስለዚህ አዎ ናችሁ። ኦቨር ጨምራችሁ አትጻፉ፣ ልኩ እዛው ውስጥ ተቀምጧል። ኒው ጀርሲ ግን 2020 ላይ ባወጣው የአካባቢ ፍትህ ህግ «ኦቨርበርደንድ ኮሚዩኒቲ» የሚል ቃል አለ፣ መለኪያውም ከነዚህ አንዱን ማሟላት ነው፦ ቢያንስ 35 በመቶ ቤተሰብ ዝቅተኛ ገቢ፣ ቢያንስ 40 በመቶ ነዋሪ የአናሳ ማህበረሰብ ወይም ስቴቱ እውቅና የሰጠው የነባር ህዝብ ጎሳ አባል፣ ወይም ቢያንስ 40 በመቶ ቤተሰብ እንግሊዝኛው ውስን የሆነ።

*ህግ።* «በርደን ኦፍ ፕሩፍ» የማስረዳት ሸክም ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት ስትጠይቁ ይሄ ሸክም የናንተ ነው። ከባድ ቢሆንም ኦቨርበርደን ኦፍ ፕሩፍ አይባልም፣ ጠበቃችሁ ይስቃል። ሌላው «አንዲዩ ሃርድሺፕ» ነው፣ ከልክ ያለፈ ችግር ማለት ነው፣ ጃንዋሪ 7 ገና ስለሆነ ፈቃድ ስጡኝ ስትሉ አሰሪው የሚመዘው። 2023 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እሁድ አልሰራም ባለ የፖስታ ሰራተኛ ጉዳይ፣ አሰሪው በሃይማኖት ምክንያት የተጠየቀውን እምቢ ለማለት ትንሽ ወጪ አለብኝ ማለቱ አይበቃም፣ ከጠቅላላ ስራው አንጻር ከባድ የሆነ በርደን እንደሚሆንበት ማሳየት አለበት ብሏል። ጥያቄያችሁ ላይ «አይ ኖው ዚስ ኦቨርበርደንስ ዩ» ብላችሁ በይሉኝታ ከጻፋችሁ እሱ ማሳየት ያለበትን እናንተ ጻፋችሁለት ማለት ነው። አታድርጉት። ቀኑንና ምክንያቱን፣ ሺፍት የሚቀይራችሁ ሰው ካለም እሱን ጻፉ።

የሆነ ቦታ ከተበላሸ

*ኢሜይሉ ተልኳል፣ «ኢ ዲ» ተረስታለች።* «አይ አም ኦቨርበርደን» ከሆነ የላካችሁት ተውት፣ ሰው ይገባዋል። «አይ ኦቨርበርደን ዩ» ከሆነ ግን በዛው ሰዓት ሌላ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ቱ ክላሪፋይ፣ አይ አም ዘ ዋን ሁ ኢዝ ኦቨርበርደንድ»፣ የተጫነብኝ እኔ ነኝ ለማለት ነው። ተማሪዬ ይህን የላከችው ከሶስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ሱፐርቫይዘሯ ሳቀች፣ ሺፍቱ ተስተካከለ።

*የስልካችሁ ትርጉም «ስራ በዛብኝ»ን ሌላ ነገር አድርጎታል።* ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን አትስጡት። ደረጃ 2 ላይ የሰራችሁትን የማያምር አማርኛ ስጡት፣ «እኔ በስራ ከአቅም በላይ ተጭኖብኛል»፣ ከዛ የወጣውን እንግሊዝኛ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት። ተሸካሚው ስራው ሆኖ ከተመለሰ ጣሉት።

*ፈተና ላይ ናችሁ፣ ፊደሉ ጠፋባችሁ።* በርደንም ከጠፋ «ሄቪ ሎድ» ጻፉ። የተሳሳተ ትልቅ ቃል ከትክክለኛ ትንሽ ቃል አይበልጥም፣ አራሚው ደክሞታል።

*የጻፋችሁት ትክክል ነው ግን ሰውየው «ኦቨርሎድድ ማለትህ ነው?» አለ።* አትከራከሩ። ለስራ ጫና ሁለቱም ይሄዳሉ፣ «የስ» ብላችሁ ወደ ጥያቄው አምጡት፣ ሁለቱ ሪፖርት ወደሚቀጥለው ወር ይዛወራል ወይስ አይዛወርም?